ጅማ ላይ የት እንብላ? ቁርስ ቤት፣ ሽሮ ቤት፣ ስጋ ቤት ወይስ ጠጅ ቤት

ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጅማ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ይታወቃል። አልጋ ይይዛል፣ ሻንጣውን ያስቀምጣል፣ ከዚያ እዚያው ሆቴል ምድር ቤት ወርዶ ሜኑ ይቀበላል። ሜኑው ወፍራም ነው። ፒዛ አለ፣ በርገር አለ፣ ላዛኛ አለ። ግማሹን ሲያዝ «ዛሬ የለም» ይባላል። የቀረው ግማሽ አዲስ አበባ ከሚበላው አይለይም። በማግስቱ «ጅማ ምግብ የለም» እያለ ይመለሳል።

ጅማ ምግብ አለ። ግን ሰዓት አለው። ጠዋት ሰው ተሰልፎ የሚበላበት ቤት ማታ ብትሄዱ ሻይ እንኳ ላታገኙ ትችላላችሁ። ማታ የሚደምቀው ደግሞ ቀን ላይ በሩ ገርበብ ብሎ ወለል ይታጠብበታል። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ቤት ይሻላል?» ሳይሆን «አሁን ስንት ሰዓት ነው? ደግሞ ከማን ጋር ነኝ?» ነው። እዚህ ቤቶችን በስም አልጠራም። ትናንሽ ቤቶች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ ወጥ ሠሪዋ ስትለቅ የሚቀረው ታፔላው ብቻ ነው። ዋጋም አልጻፍኩም። ዛሬ የጻፍኩት ከስድስት ወር በኋላ ያስቃል።

ጠዋት፦ ቁርስ ቤት ወይስ የሆቴሉ ቁርስ?

ብዙ ሆቴሎች ቁርስን ከአልጋው ጋር ደምረው ነው የሚያስከፍሉት። ስለተከፈለበት መተው ያሳዝናል። እንቁላል፣ ዳቦ፣ ማርማላታ፣ ሻይ፣ አንዳንዴ ፍርፍር። ለመንገደኛ ይበቃል። ስብሰባ ያለበት ሰው ወይም ልጆች የያዘ ቤተሰብ እዚያው ቢበላ ይሻለዋል፤ ይህን አልከራከርም።

ሌላው ሰው ግን ወጥቶ ቁርስ ቤት ይፈልግ። ፈረንጅ አራዳ፣ መርካቶና መናኸሪያ አካባቢ ጠዋት ብትዞሩ ሽታው ራሱ ይመራችኋል። የጅማ ቁርስ ቤት ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው። ጠረጴዛ ከማታውቁት ሰው ጋር ትጋራላችሁ። አስተናጋጁ ሜኑ አያመጣም፣ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝራል፤ ፉል፣ ጨጨብሳ፣ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ ገንፎ። ካልሰማችሁ ደግሞ ይጠራላችኋል፣ ሁለተኛው ዙር ግን ትንሽ ይፈጥናል።

ከእነዚህ ውስጥ ለጅማ የማዳላው ጨጨብሳን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጨጨብሳ ጣዕም ያለው ቅቤውና ማሩ ላይ ነው፣ ሁለቱም ደግሞ የአካባቢው ናቸው። ከጌራና ከሌሎች ደናማ ወረዳዎች የሚመጣ የጫካ ማር እዚህ ብርቅ አይደለም። ቂጣው ሲቆራረስ ትኩስ መሆን አለበት። ከማታ የተረፈ ቂጣ ከሆነ ቅቤው ላዩ ላይ ቀርቶ ውስጡ ደረቅ ይሆናል። ሲያዙ «ማሩ ለብቻው ይምጣ» በሉ። በርበሬው በዛ ያለ ከሆነ እያጠቀሱ ይመጥኑታል፤ ማሩ ንጹህ ይሁን ስኳር የተቀላቀለበትም በዚያው ይለያል። ለልጅ በርበሬ የሌለው ማሠራት ይቻላል፣ ቀድሞ መንገር ብቻ ነው።

ፉል የሹፌርና የሠራተኛ ቁርስ ነው። ቶሎ ይደርሳል፣ ይይዛል፣ እስከ ምሳ ያዘልቃል። «ስፔሻል» የሚባለው እንቁላል፣ አቮካዶና እርጎ ይጨመርበታል። እኔ ተራውን እመርጣለሁ፤ ባቄላው በደንብ ከበሰለ ጌጥ አያስፈልገውም። ገንፎ ያዘዘ ሰው ደግሞ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ምግብ አያስብም። የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለማየት ጅሬን ኮረብታ ላይ ለምትወጡ ገንፎ ጥሩ ምርጫ ነው። እዚያ ላይ ደህና ምግብ አገኛለሁ ብሎ ባዶ ሆድ መሄድ ጥሩ አይደለም።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ የሚቀርብላችሁ የድስቱ ትራፊ ነው።

ምሳ፦ የተማሪ ቤት፣ የገበያ ቤት፣ የመናኸሪያ ቤት

ጅማ የተማሪ ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በዛሬ ቅርጹ የተመሠረተው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ሲዋሃዱ ነው፤ የተማሪ ኪስ ግን ከዚያም በፊት የከተማዋን ምግብ ቤቶች ሲቀርጽ ኖሯል። በዋናው ግቢ በሮችና በቂጦ ፉርዲሳ ግቢ በኩል ያሉት ቤቶች ደንበኛቸው «ኖን ካፌ» የሆነ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ውጭ የሚበላ ተማሪ ነው። በወር ኮንትራት የሚበላ አለ፣ በየቀኑ ከፍሎ የሚበላም አለ። ተማሪ አንዴ ከከፋው ማዶ ይሻገራል፣ ለጓደኞቹም ይናገራል። ስለዚህ እነዚህ ቤቶች ሽሮ ላይ አይቀልዱም።

ተጋቢኖ በሸክላ እየተንተከተከ ይመጣል። በየዓይነቱ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በአትክልት፣ እርጥብ አለ። ወንበሩ አይመችም፣ ጫጫታ አለ፣ ስልካችሁን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጣችሁ ሽሮ ይረጭበታል። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ምሳ በዚህ ዋጋ አያገኝም። ብቻዋን ለምትጓዝ ሴትም ይመቻል፤ ብቻዋን ገብታ የምትበላ ተማሪ ሁልጊዜ ስላለች ማንም ዞሮ አያይም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ተማሪ ለእረፍት ሲወጣ እነዚህ ቤቶች ይቀዘቅዛሉ። የሚሸጥ ሲያንስ ወጡ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ሰፈሩ ጭር ካለባችሁ ወደ ከተማው መሀል ተመለሱ።

የገበያ ቤት ሌላ ነገር ነው። የሂርማታ ገበያ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ነበር። ትልቁ የገበያ ቀን ሐሙስ ነው። የዚያን ዕለት ከየወረዳው ቅቤ፣ ማር፣ ቡናና ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ይመጣል። በገበያው ዙሪያ ያሉት ምግብ ቤቶች ከሌላው ቀን በተለየ ትኩስ ይሆናሉ። ገበያተኛው በጠዋት ተነስቶ የመጣ ነው፣ በልቶ መመለስ አለበት፣ መጠበቅ አይወድም። ድስቱ ሲያልቅ ሌላ ይጣዳል። ሐሙስ ጅማ ከሆናችሁ ምሳ እዚያ ብሉ። በሌላ ቀን ግን ከተማሪ ቤት የሚበልጥበት ምክንያት አይታየኝም።

የመናኸሪያ ቤት ለቸኮለ ነው። ተመልሳችሁ እንደማትመጡ ያውቃል፣ ምግቡም ያንን ይመስላል። ካልቸኮላችሁ ባጃጅ ይዛችሁ ሁለት ሰፈር እለፉ።

ስጋ፦ የሙስሊም ቤት ወይስ የክርስቲያን ቤት?

ጅማ ላይ ስጋ ከማዘዛችሁ በፊት ይህ ጥያቄ ይቀድማል። ለነዋሪው የተለመደ ነገር ነው፣ ለእንግዳ ግን ግራ ሊያጋባ ይችላል። ምልክቱ በር ላይ አለ፤ መስቀል ወይም ጨረቃ፣ ወይም በግልጽ የተጻፈ። ካልታያችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቀየምም።

የክርስቲያን ስጋ ቤት እንደ ሌላው ከተማ ነው። ስጋው ተሰቅሏል፣ ቆራጩ ቢላ ይዞ ቆሟል፣ ከየት እንደሚቆረጥ ትጠቁማላችሁ። ጥሬ፣ ጥብስ፣ ዱለት። በኪሎ ነው የሚሸጠው። ሁለት ሰው ከሆናችሁ በግማሽ ኪሎ ጀምሩ፤ ቆራጩ «አንድ ኪሎ ላድርገው?» ማለቱ አይቀርም። ጥሬ የምትበሉ ከሆነ የቄራ ማህተም መኖሩን እዩ። ኮሶ የትም አለ፣ ጅማ የተለየች አይደለችም። ቢራ ስላለ ማታ ማታ ጫጫታው ይጨምራል፤ ለጓደኛሞች ጥሩ ነው፣ ሕፃን ለያዘ ግን ብዙም አይደለም።

የሙስሊም ቤት አልኮል አይሸጥም። ይህ ብቻውን የቤቱን ጠባይ ይቀይረዋል። ቤተሰብ ይበዛል፣ ሰው በልቶ ይነሳል፣ ጠረጴዛ ቶሎ ይለቀቃል። ሩዝ በስጋ፣ ቅቅል፣ ሾርባ፣ የበግና የፍየል ጥብስ፣ ከዚያ ቅመም የበዛበት ሻይ። ጅማ ብዙ ሙስሊም የሚኖርባት ከተማ ናትና ይህ ወጥ ቤት የዳር ነገር አይደለም፤ የከተማዋ እጅ ያለው እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ሾርባውን አትዝለሉት። በዝናብ ቀን፣ ጅማ ደግሞ ዝናቧ ረጅም ነው፣ ከሾርባና ከሳምቡሳ የሚበልጥ አላገኘሁም።

ቀኑን ማወቅ ግን ግድ ነው። ረቡዕና ዓርብ የክርስቲያን ቤቶች በአብዛኛው የጾም ምግብ ነው የሚያቀርቡት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ስጋ ቤቶቹ ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ፤ ስጋ የፈለገና የማይጾም ሰው ወደ ሙስሊም ቤት ይሄዳል። በረመዳን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የሙስሊም ቤቶች ቀን ላይ ዝግ ናቸው፣ ፀሐይ ስትገባ ግን ከተማው ሌላ ይሆናል። ሳምቡሳ በየበሩ ይጠበሳል፣ ቴምር ይቀርባል፣ ሾርባ ይቀዳል። ጅማን በረመዳን ማታ ያላየ ሰው ምግቧን በግማሽ ነው ያወቀው። ለማፍጠር የተቀመጠ ሰው ካለ ግን ወንበር አትሻሙት፤ እሱ በልቶ እስኪረጋጋ ትንሽ ዘግይቶ መግባት ጨዋነት ነው።

ዓርብ ቀትር የተለየ ችግር አለው። የክርስቲያኑ ቤት ጾም ነው፣ ከሙስሊሙ ቤት ደግሞ ብዙው ለጁምዓ ይዘጋል። ያን ሰዓት ሽሮ ቤት ያለ ተወዳዳሪ ያሸንፋል።

ሽሮ ቤት የሚያሸንፍበት ሌላም ጊዜ አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን ጓደኛሞች አብረው ሲበሉ ስጋ ሁሉንም አያስማማም። ጅማ ላይ ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ ሰውም መላውን ያውቀዋል። ተጋቢኖ፣ በየዓይነቱ፣ እንቁላል ይታዘዛል፣ አንድ ትሪ ይቀርባል፣ ማንም ምክንያቱን አያነሳም። እንግዳ ሆናችሁ ሰው የምትጋብዙ ከሆነም ይህን ልብ በሉ። «ስጋ ልጋብዛችሁ» ከማለት በፊት «ምን ትወዳላችሁ?» ማለት ከሁሉም ያድናል።

ቡና፦ መንገድ ዳር ጀበና ወይስ ካፌ?

ጅማ መጥቶ ማኪያቶ ብቻ ጠጥቶ የሚመለስ ሰው አለ። አልፈርድበትም። ካፌ ወንበሩ መደገፊያ አለው፣ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ መጸዳጃ ቤት አለ። ሥራ ይዞ ለሚቀመጥ ሰው ካፌ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ጀበና አይወዳደርም።

ለቡናው ከሆነ ግን ወደ መንገድ ዳሯ ሴት ሂዱ። ሁሉም እኩል አይደሉም፣ መለያው እንዲህ ነው። አንዷ ቡናውን እዚያው ትቆላለች፣ ሌላዋ ተቆልቶና ተፈጭቶ የቆየ ከፌስታል ታወጣለች። የምትቆላዋን ምረጡ፣ ብትጠብቁም። ስትቀመጡ «አቦል ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጀበናው ሁለቴ ውሃ ተጨምሮበት ከሆነ የምትጠጡት በረካ ነው፤ ስሙ ደስ ይላል፣ ጉልበት ግን የለውም። አዲስ እስኪጣድ ቆዩ። ስኳር የማትፈልጉ ከሆነ ሲኒው ከመቀዳቱ በፊት ተናገሩ፤ ዝም ካላችሁ ታች ሁለት ማንኪያ ይጠብቃችኋል። ጤና አዳም ካለ እምቢ አትበሉ።

ጥሩው ሰዓት ሁለት ነው፤ ከቁርስ በኋላና ከቀኑ 9 ሰዓት ወዲህ። በክረምት ላስቲክ ወጥረው ይሠራሉ፣ እግራችሁ ጭቃ ይነካል። በርጩማው አጭር ነው። ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ አስቀድሜ ይቅርታ።

እዚያ ስትቀመጡ ወሬ ይጀመራል፣ የቡና አገሩ የት ነው የሚለውም ይነሳ ይሆናል። ከጅማ ወደ አጋሮ በኩል ጎማ ወረዳ ውስጥ ያለችው ጮጬ «ቡና የተገኘው እኔ ዘንድ ነው» ትላለች። ካፋ ደግሞ ማንኪራን ይጠራል። ሁለቱም ወገን አጥብቆ ያምናል። ቡና እየጠጣችሁ ዳኛ አትሁኑ፣ በተለይ አጋሮ ላይ።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ከመጣችሁ የከተማው ወሬ ሁሉ ቡና ነው። በቅቤ የሚቆላው ቡና ቀላ ግን ምግብ ቤት ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም። የሚቀርበው ቤት ለተጠራ እንግዳና በበዓል ነው። ከተጠራችሁ ሂዱ።

ጁስ ቤት

አቮካዶ በአካባቢው ስለሚበቅል ጅማ ላይ የሚታዘዘው እሱ ነው፣ ወይም ስፕሪስ። በማንኪያ ነው የሚበላው፣ እንደ ምሳም ይይዛል። ከላይ ቪምቶ ያፈሱበታል፤ ካልወደዳችሁት በሎሚ ብቻ አስደርጉ። ብርጭቆውንና መፍጫውን በምን ውሃ እንደሚያለቀልቁ አንዴ ዓይናችሁን ጣል አድርጉ። ቆሻሻ ከመሰላችሁ ሌላ ጁስ ቤት ሩቅ አይደለም። ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከሰዓት በኋላ ከዚህ የተሻለ ማረፊያ የለም።

ማታ፦ ጠጅ ቤት፣ ግሮሰሪ ወይስ ቀሪቦ?

ማር ያለበት አገር ጠጅ አለ። ጠጅ ቤት ስትገቡ የሚጠየቀው አንድ ነው፤ ለስላሳ፣ መካከለኛ ወይስ ደረቅ? ለጀማሪ መካከለኛ ይበቃል። ደረቁ በብርሌ ሲታይ የዋህ ነው፣ ሲነሱ ነው የሚታወቀው። ማሩ በስኳር የተተካበት ጠጅ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣፋጭነት አለው፣ የማር ሽታ ግን የለውም። አንድ ብርሌ አዝዛችሁ አሽትቱ፣ ካልጣማችሁ ሁለተኛ አታዙ። የምግብ ነገር እዚያ ደካማ ነው፤ በልታችሁ ግቡ።

ጠጅ ቤት የወንዶች ቤት ሆኖ ነው የቆየው። ሴቶች አይገቡም ማለት አይደለም፣ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ግን ከአገር ሰው ጋር ካልሆነ አልመክርም። ግሮሰሪ ይቀላል፣ ግን ግሮሰሪ የትም ግሮሰሪ ነው፤ ለቢራና ለኳስ ጅማ ድረስ መምጣት አያስፈልግም።

እኔ ለእንግዳ የምጠቁመው ቀሪቦን ነው። ገብሱ በደንብ ጠቆር እስኪል ይቆላል፣ በውሃ ይፈላል፣ ስኳርና እርሾ ይገባበታል። ቀለሙ ቡናማ ነው፣ ጣዕሙ ጣፋጭና ጭስ ጭስ የሚል። አስካሪ አይደለም ተብሎ ስለሚጠጣ በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ሠርግና በዓል ላይ አይጠፋም። ትኩስነቱ ወሳኝ ነው፤ እርሾ ስላለው ከቆየ ይቆመጥጣል። መቼ እንደተጠመቀ ጠይቁና የዛሬ ወይም የትናንት ከሆነ ጠጡ። ብርዝ ካገኛችሁ ደግሞ እሱም ያው ነው፤ ማርና ውሃ፣ ሳይፈላ የሚጠጣ። አልኮል ለማይጠጣ ሰው ጅማ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ምርጫ አላት።

አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ

ከሰዓት ደርሳችሁ በማግስቱ የምትነሱ ከሆነ መንገድ ዳር ቡና፣ ማታ ሙስሊም ቤት ሩዝና ሾርባ፣ ጠዋት ጨጨብሳ። ሁለት ቀን ካላችሁ የተማሪ ሽሮና ቀሪቦ ጨምሩ። ጥሬ ስጋና ጠጅ ለሦስተኛው ቀን ይቆዩ፤ ሌላ ከተማም ስላሉ አያመልጧችሁም። ሲከፍሉ «ገላቶማ» ብሎ ማመስገን ወጪ የለውም፣ ቀጣዩ ሲኒ ግን ሞላ ብሎ ይቀዳል።

በአውቶቡስ የምትመለሱ ከሆነ መነሻው ገና ሳይነጋ ነው፣ ቁርስ ቤቶቹም አልከፈቱም። ያን ጊዜ የተናቀው የመናኸሪያ ቤት ይጠቅማል፤ ሻይና ትኩስ ፓስቲ በቂ ነው። ፉልና ገንፎ ግን ይቅር። ከፊታችሁ የጊቤ ቁልቁለት ጠመዝማዛ አለ፣ ሆድ የሞላ ሰው እዚያ ላይ ይጸጸታል። አውቶቡሱ ወልቂጤ ከቆመ ክትፎውን ብሉ። ጉራጌ አገር ገብታችኋልና እዚያ ሽሮ ማዘዝ አይገባም።